ጳጉሜ 6ን ስንት ቦታ እንጠግናት? የብራንችና የባግ መከታተያ አመራረጥ

አንድ የቀን መቀየሪያ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ኮድ) አላችሁ እንበል። የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጆቹ፣ የፈረንጆቹን ወደ እኛ ይቀይራል። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ከሥራ በኋላ ማታ ማታ የምትነካኩት፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ነው። ቨርዥን 1.4 ላይ የቀሩ ተጠቃሚዎች አሉ። ወደ 2.0 የተሻገሩም አሉ። እናንተ ደግሞ 2.1ን እየጻፋችሁ ነው።

አንድ ጠዋት መልእክት ይመጣል፦ «ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ብዬ ሳስገባ እንዲህ ያለ ቀን የለም ይለኛል።»

ኮዱን ትከፍታላችሁ። የጻፈው ሰው (ምናልባት እናንተው ናችሁ) የፈረንጆቹን ስሌት ነው የወሰደው። ለአራት ሲካፈል ምንም የማይተርፈው ዓመት ጳጉሜ 6 አለው ብሏል። በእኛ አቆጣጠር ግን ስድስተኛዋ ቀን የምትመጣው ለአራት ተካፍሎ 3 በሚተርፈው ዓመት፣ ማለትም በዘመነ ሉቃስ ነው። አያቶቻችን ይህን ያለ ኮምፒውተር ያውቁታል። ኮዱ ግን በ2015 ያለችውን ቀን ይክዳል፣ በ2016 የሌለችውን ይፈጥራል።

ጥገናው አንድ መስመር ነው። ራስ ምታቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። 2.1 ላይ ብቻ ይግባ? 2.0ስ? 1.4 ላይ ያሉትን ምን እናድርጋቸው? ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ «ይቺ ባግ የትኛው ቨርዥን ላይ ነው የጠፋችው?» ቢል ማን ይመልስለታል?

ብራንች ማለት ጊት (የኮድ ለውጥን የሚመዘግበው መሣሪያ) ውስጥ ለብቻው የሚሠራበት የኮዱ ቅርንጫፍ ነው፤ የባግ መከታተያ ደግሞ ባጎች፣ ማለትም የኮዱ ስህተቶች፣ የሚመዘገቡበት ቦታ። ብዙ ፕሮጀክቶች የብራንች አያያዙንና የባግ መከታተያውን ለየብቻ ይመርጣሉ። ብራንቹን አንዱ የቡድኑ አባል የሆነ ቦታ አንብቦት ያመጣዋል። መከታተያው ደግሞ ኮዱ የተቀመጠበት ቦታ አብሮ ያገኙት ይሆናል። እኔ ሁለቱ አብረው ቢመረጡ ይሻላል ባይ ነኝ። ሁለቱም የሚመልሱት አንድ ጥያቄ ነዋ፦ አንድ ባግ ስንት ቦታ መጠገን አለበት፣ መጠገኑስ በምን ይታወቃል?

ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆቹ ናቸው። የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።

አንድ ቨርዥን ብቻ ካላችሁ

ፕሮጀክታችሁ ድረ ገጽ ከሆነ፣ ወይም ተጠቃሚው ሁልጊዜ የመጨረሻውን ብቻ የሚያወርደው አፕ ከሆነ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ጊትሀብ ፍሎው የሚባለው ይበቃችኋል። ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ የጊትሀብ አንዱ መሥራች ስኮት ቻኮን በ2011 የጻፈው አሠራር ነው። ሜይን የሚባል አንድ ዋና ብራንች አለ፣ እሱ ሁልጊዜ የሚሠራ መሆን አለበት። አዲስ ነገር ስትጀምሩ ከሱ ላይ ትንሽ ብራንች ትቆርጣላችሁ። ፑል ሪኩዌስት (ለውጤን አስገቡልኝ የሚል ጥያቄ) ትከፍታላችሁ፣ ሌላ ሰው ያየዋል፣ መርጅ ይደረጋል (ከሜይን ጋር ይዋሃዳል)፣ ብራንቹ ይጠፋል። በቃ።

ለአብዛኛው ትንሽ ፕሮጀክት ምክሬ ከዚህ ጀምሩ ነው። «ወደፊት የድሮ ቨርዥን መጠገን ቢያስፈልገንስ?» የሚል ስጋት ይመጣል። ለእያንዳንዱ ሪሊዝ (ለምትለቁት ቨርዥን) ታግ፣ ማለትም ስም ያለው ምልክት፣ ብቻ አድርጉ። ታግ ካለ ብራንቹን ከዓመት በኋላም ከዚያው ነጥብ ላይ መቁረጥ ይቻላል። 1.4 ላይ ባግ እስኪገኝ ድረስ ለ1.4 ብራንች አያስፈልግም። ባዶ ቤት ማከራየት አይደለም፣ ባዶ ቤት ማጽዳት ነው የሚሆንባችሁ።

ከዚህ ጋር የሚቀራረበው ትራንክ ላይ መሥራት የሚባለው ነው። ሁሉም በየቀኑ ዋናው ብራንች ላይ ያስገባል፣ ያላለቀው ሥራ በፊቸር ፍላግ (ኮዱ ውስጥ ባለ ማብሪያና ማጥፊያ) ተደብቆ ይቆያል። እንደ ጎግል ያሉ ትልልቅ ኩባንያዎች እንዲህ ነው የሚሠሩት። በበጎ ፈቃድ ለሚሠራ ፕሮጀክት ግን ይከብዳል። በወር አንዴ ቅዳሜ ከሰዓት ብቅ የሚል ሰው ብራንቹን በአንድ ቀን ጨርስ አይባልም።

ጊት ፍሎው፦ ዝነኛው

ብዙ ሰው «ትክክለኛው» አሠራር ይሄ ይመስለዋል። ቪንሰንት ድሪሰን የሚባል ፕሮግራመር በጃንዋሪ 2010 ያወጣው ነው። ከነባለቀለም ሥዕሉ ዓለምን ዞሯል። ማስተር አለ፣ ዴቨሎፕ አለ፣ ከዚያ የፊቸር፣ የሪሊዝ እና የሆትፊክስ ብራንቾች አሉ። አዲስ ሥራ ዴቨሎፕ ላይ ይጠራቀማል። ሪሊዝ ሲደርስ የራሱ ብራንች ይቆረጥለታል፣ ሲያልቅ ማስተርም ዴቨሎፕም ላይ ይገባል። አጣዳፊ ጥገናም (ሆትፊክስ) እንዲሁ ሁለቱም ጋ መግባት አለበት።

ራሱ ድሪሰን በማርች 2020 ጽሑፉ አናት ላይ ማሳሰቢያ ጨመረበት። በየጊዜው የሚለቀቅ የዌብ ሥራ ከሆነ የምትሠሩት እንደ ጊትሀብ ፍሎው ያለ ቀለል ያለ ነገር ተጠቀሙ፣ ቁጥር ያለው ሪሊዝ የምታወጡ ወይም ብዙ ቨርዥን በአንድ ጊዜ የምትደግፉ ከሆነ ግን የእኔው ሊሆናችሁ ይችላል አለ። የሠራው ሰው ራሱ እንዲህ ማለቱ ደስ ይላል።

እኔ ግን ለክፍት ፕሮጀክት ሁለት ነገር ያሳስበኛል። አንደኛ፣ አዲስ መጪ ሰው ፑል ሪኩዌስቱን የት እንደሚልክ ግራ ይገባዋል። ማስተር ላይ ይልካል፣ «ዴቨሎፕ ላይ ነው እኮ» ይባላል፣ ብዙ ጊዜ እዚያው ተስፋ ቆርጦ ይቀራል። ሁለተኛ፣ የኛን የጳጉሜ ጥያቄ አይመልስም። ሥዕሉ ላይ ያለው የሪሊዝ መስመር አንድ ብቻ ነው። ማስተር 2.0 ላይ ከደረሰ 1.4 ከኋላው ቀርቷል። 1.4ን ለመጠገን ሥዕሉ ላይ የሌለ ብራንች መጨመር ግድ ነው። ያን ካደረጋችሁ ደግሞ ዴቨሎፕ ለምን እንዳስፈለገ ራሳችሁን መጠየቅ ትጀምራላችሁ።

ሁለትና ሦስት ቨርዥን በሕይወት ሲኖር

ሰፊው ጉዳይ ይሄ ነው። እዚህ ጋ ከትልልቆቹ ፕሮጀክቶች መማር ይቻላል፣ ምክንያቱም እርስ በርስ አይስማሙም።

የዌብ መሥሪያውን ጃንጎን እንውሰድ። አንድ ሜይን አለ፣ ለእያንዳንዱ የወጣ ቨርዥን ደግሞ ስቴብል (ጥገና የሚገባበት) ብራንች አለ። ባግ መጀመሪያ ሜይን ላይ ይጠገናል። ከዚያ ወደ ድሮው ባክፖርት ይደረጋል (ተቀድቶ ይወሰዳል)፣ የኮሚቱ (ጊት ላይ የሚመዘገበው ለውጥ) መልእክትም በቅንፍ ውስጥ በቨርዥኑ ቁጥር ይጀምራል። የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተንም እንዲሁ ነው። ፑል ሪኩዌስቱ ላይ «ወደዚህ ቨርዥን ባክፖርት ይፈልጋል» የሚል ሌብል (መለያ) ይለጠፋል፣ መርጅ ሲሆን ሮቦቱ ራሱ ለድሮው ብራንች ሌላ ፑል ሪኩዌስት ይከፍታል። የሊኑክስ ከርነል ስቴብል ደግሞ ሕጉ ጥብቅ ነው፦ ዋናው ኮድ ላይ ያልገባ ጥገና ስቴብል ላይ አይገባም።

ለምን ከላይ ወደ ታች? 1.4ን ጠግናችሁ ሜይንን ከረሳችሁ፣ 2.1 ሲወጣ ባጓ ትመለሳለች። ለተጠቃሚ ከዚህ የባሰ የሚያናድድ ነገር የለም። አንዴ ተጠግኖልኛል ብሎ ነዋ የተሻገረው።

ጊት ራሱ ግን፣ ማለትም ጊት የሚባለው ፕሮጀክት፣ ተቃራኒውን ይመክራል። የራሱ የአሠራር መመሪያ ጥገናውን ጥገናው በሚያስፈልገው በጣም አሮጌ የሚደገፍ ብራንች ላይ ኮሚት አድርጉ፣ ከዚያ ወደ ላይ መርጅ አድርጉ ይላል። ከ1.4 ወደ 2.0፣ ከ2.0 ወደ ሜይን።

ልዩነቱ የቅደም ተከተል ብቻ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ወደ ላይ መርጅ ሲደረግ ሁሉም ብራንች ላይ ያለው ያው አንድ ኮሚት ነው። መታወቂያው አይቀየርም። «ይሄ ኮሚት የትኞቹ ብራንቾች ውስጥ አለ?» ብላችሁ ጊትን ብትጠይቁት በአንድ ትእዛዝ ይመልስላችኋል። ወደ ታች በቼሪ ፒክ (አንዱን ኮሚት ብቻ ቀድቶ በመለጠፍ) ሲወሰድ ግን እያንዳንዱ ቅጂ አዲስ መታወቂያ ያለው አዲስ ኮሚት ነው። ለጊት ዝምድና የላቸውም። ስለዚህ ቼሪ ፒክ ስታደርጉ የኤክስ (-x) አማራጩን ጨምሩበት። የመጀመሪያውን ኮሚት መታወቂያ መልእክቱ ውስጥ ይጽፍላችኋል።

ወደ ላይ መርጅ ማድረግ የሚመቸው ቨርዥኖቹ ሲቀራረቡ ነው። 2.0 ከላይ እስከ ታች እንደገና ከተጻፈ ከ1.4 የሚመጣው መርጅ ሁሉ ግጭት ነው የሚሆንባችሁ። ያኔ ቼሪ ፒክ ይሻላል፣ አንዳንዴም ጥገናውን ለ1.4 በእጅ እንደገና መጻፍ።

እና እዚህ ጋ ነው መከታተያው የሚገባው። ወደ ላይ መርጅ የምታደርጉ ከሆነ የትኛው ቨርዥን ተጠገነ የሚለውን ጊት ያውቀዋል። ቼሪ ፒክ የምታደርጉ ከሆነ ግን ጊት አያውቅም። ሌላ ቦታ መጻፍ አለበት። የት?

መከታተያውን በአንድ ጥያቄ መፈተን

እያንዳንዱን መከታተያ እንዲህ ጠይቁት፦ ይህች ባግ የትኞቹ ቨርዥኖች ላይ አለች፣ የትኞቹ ላይ ጠፍታለች?

የጊትሀብ ኢሹ (አንድ ባግ የሚመዘገብበት ገጽ) ይህን ጥያቄ በቀጥታ አይመልስም። ኢሹ ወይ ክፍት ነው ወይ ዝግ ነው። ማይልስቶን (ሥራው የታቀደበት ሪሊዝ) አለው፣ ግን ለአንድ ኢሹ አንድ ብቻ ነው የሚሰጠው። ብዙ ሰው የማያስተውላት ነገር ደግሞ አለች። ፑል ሪኩዌስት ላይ «ይህን ኢሹ ይዘጋል» ብላችሁ ስትጽፉ ኢሹው ራሱ የሚዘጋው ጥገናው ዋናው ብራንች ላይ ሲገባ ነው። ስለዚህ ጥገናችሁ ሜይን ላይ ሲገባ የጳጉሜ ኢሹ «ተዘግቷል» ይላል፣ የ1.4 ተጠቃሚ ግን ባጓ አሁንም አለችበት። ጊትሀብን የሚመስለው የጊትላብም አሠራር በዚህ ተመሳሳይ ነው።

መፍትሔው ሌብል ነው። ለእያንዳንዱ የሚደገፍ ቨርዥን «1.4 ይጠብቃል» ዓይነት ሌብል አድርጉ። ጥገናው እዚያ ሲገባ ሌብሉን አንሱ። ሁሉም ሌብል ካልተነሳ ኢሹው አይዘጋ፣ ራሱ ከተዘጋም መልሳችሁ ክፈቱት። ትንሽ የእጅ ሥራ አለው። ለሁለት ቨርዥን ይቻላል፣ ለስድስት ቨርዥን ግን ያለ ሮቦት አይሞከርም።

ባግዚላ ጥያቄውን በደንብ ይመልሳል። በ1998 ከሞዚላ የወጣ ሽማግሌ ነው። ፋየርፎክስ ዛሬም ይጠቀምበታል። በፋየርፎክሱ ባግዚላ አንድ ባግ ላይ ለእያንዳንዱ ቨርዥን የተለየ መስክ አለ፦ ይነካዋል፣ አይነካውም፣ ተጠግኗል፣ አይጠገንም። «አይጠገንም» የሚለውን በተለይ እወደዋለሁ። ሐቀኛ ነው። ዋጋው ሰርቨር ማስተዳደርና የሚያስፈራ ቅጽ ነው። አንዲት ባግ ለማሳወቅ የመጣ ሰው ያን ሁሉ ሣጥን ሲያይ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ሊሄድ ይችላል።

ጂራ የሚባለው መከታተያም «የሚነካቸው ቨርዥኖች» እና «የሚጠገንባቸው ቨርዥኖች» የሚሉ ሁለት መስኮች አሉት፣ ሁለቱም ከአንድ በላይ ይቀበላሉ። ጤና ሚኒስቴራችን የሚጠቀምበት የጤና መረጃ ሥርዓት ዲኤችአይኤስ 2 ኮዱን ጊትሀብ ላይ፣ ባጎቹን ጂራ ላይ ነው የያዘው። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ፣ በብዙ አገር በተለያየ ቨርዥን የሚሠራ ሶፍትዌር ስለሆነ ያስፈልገዋል። ለሦስት ሰው ፕሮጀክት ግን ጂራ ዶሮ ለማረድ ሰይፍ መምዘዝ ነው። ራሱ ኦፕን ሶርስ አለመሆኑም አንዳንዱን ይከነክነዋል።

ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ዴቢያን ደግሞ ሁሉን በኢሜይል ነው የሚያስኬደው። ባጓ የተገኘችበትን ቨርዥንና የተጠገነችበትን ቨርዥን በኢሜይል ትእዛዝ ትነግሩታላችሁ፣ እሱ ይይዘዋል። ያረጀ ይመስላል፣ ግን የቨርዥን ጥያቄውን ከብዙዎቹ ዘመናዊ መሣሪያዎች በተሻለ ይመልሳል። ኢንተርኔት ቀጠን ባለበት ቦታም ኢሜይል ያልፋል።

ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ምንም መከታተያ የለውም። ባግ በቅጽ ሲገባ ቁጥር ይሰጠውና ወደ ኢሜይል ዝርዝር ይሄዳል፣ በቃ። ለእያንዳንዱ ዋና ቨርዥን የአምስት ዓመት ድጋፍ እየሰጡ እንዲህ ይኖራሉ። የሚሆንላቸው ለዓመታት ያንን ዝርዝር የሚያነቡ፣ የሚያስታውሱ ሰዎች ስላሏቸው ነው። እናንተ ከሌሏችሁ አትሞክሩት።

ስለ ቦታ መቀየር አንድ ነገር

መከታተያ ለዘላለም አይደለም። የኮምፓይለር ፕሮጀክቱ ኤልኤልቪኤም በ2021 መጨረሻ ከባግዚላ ወደ ጊትሀብ ገባ። ፓይተን በኤፕሪል 2022 የራሱን መከታተያ ትቶ ወደ ጊትሀብ ተዛወረ። የሊኑክስ ዴስክቶፑ ኖም በ2018 ወደ ጊትላብ ሄደ። ሌላው ዴስክቶፕ ኬዲኢ ግን ኮዱን ጊትላብ ላይ አድርጎ ባጎቹን ባግዚላ ላይ ትቷል። ሁሉም የየራሱ ምክንያት አለው።

ስትዛወሩ ቁጥሩ ይቀየራል። የድሮ ኮሚት «ቁጥር 412ን ጠገንኩ» ብቻ የሚል ከሆነ ከዓመታት በኋላ 412 ምን እንደነበረ ማን ያውቃል? ስለዚህ የኮሚት መልእክት ላይ ቁጥሩን ብቻ አትጻፉ። «ጳጉሜ 6 በዘመነ ሉቃስ እንዲቀበል ተደረገ፣ ስሌቱ ለአራት ተካፍሎ 3 የሚተርፈውን ዓመት ይወስዳል» ብላችሁ ጻፉ። ኮዱ ያለበት ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

መልእክቱ የሚሄደው፣ ኢሹው የማይሄደው በሌላም ምክንያት ነው። ሪፖዚተሪውን (የኮዱን ማከማቻ) ክሎን ያደረገ፣ ማለትም ወደ ኮምፒውተሩ የቀዳ ሁሉ ሙሉ የኮድ ታሪኩ እጁ ላይ አለ። ኢሹዎቹ ግን የሌላ ሰው ሰርቨር ላይ ናቸው። በጁላይ 2019 ጊትሀብ በአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት በኢራን፣ በሶሪያና በክራይሚያ ያሉ አካውንቶችን ገደበ። የኢራኑ የተፈታው በጃንዋሪ 2021 ነው። እኛም አገር በ2012 ዓ.ም. ከሰኔ 23 ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ኮሚት ማድረግ ይቻላል፣ ብራንች መቁረጥ ይቻላል። የተከፈቱትን ባጎች ማንበብ ግን አይቻልም። ይሄ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ በጊት ፋንታ የሚሠራውን ፎሲልን እዩት። ኤስኪውላይት የሚባለውን ዳታቤዝ የፈጠረው ሪቻርድ ሂፕ የሠራው ነው። ቲኬቶቹ (የባግ መዝገቦቹ) ከኮዱ ጋር አብረው ክሎን ይደረጋሉ፣ ያለ ኢንተርኔትም ይነበባሉ። ጊትን ትታችሁ መሄድ አለባችሁ፣ አዲስ ሰው ማግኘትም ይከብዳል። ካልሆነ ኢሹዎቹን በየወሩ ወደ ፋይል ማውረድ ራሱ ቀላል መድኅን ነው።

ሌላ የምትገጥማችሁ ነገር ቴሌግራም ነው። የትኛውንም መከታተያ ብትመርጡ የኛ ሰው ባጉን ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ነው የሚጽፈው፣ ስክሪንሹት ለጥፎ «አይሠራም» ብሎ። «ኢሹ ክፈት» ብላችሁ አትመልሱት። ቨርዥኑንና ያስገባውን ቀን ጠይቁት፣ ከዚያ ራሳችሁ ክፈቱለት። አማርኛ ከሆነ አማርኛውን እንዳለ ገልብጡት። የደኅንነት ቀዳዳ ከሆነ ግን ግሩፑም ኢሹውም ቦታው አይደለም። የግል መንገድ አዘጋጁለት።

ያረጁ ኢሹዎችን የሚዘጋውን ሮቦት ደግሞ ተዉት። የሰርቨር ፕሮግራሞችን የሚያስተዳድረው ትልቁ ፕሮጀክት ኩበርኔቲስ አለው። 90 ቀን ዝም ያለ ኢሹ «ቆይቷል» ይባላል፣ ከ30 ቀን በኋላ «በስብሷል»፣ ከሌላ 30 ቀን በኋላ ይዘጋል። ለሱ ግዝፈት ያስፈልገዋል እንበል። የኛ ጳጉሜ 6 ግን በአራት ዓመት አንዴ ነው የምትመጣው። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜ ላይ አንዱ ጮኾባት ዝም ካለ፣ ሮቦቱ በጥር ወር ይዘጋታል። በ2019 ዓ.ም. ጳጉሜ ላይ ሌላ ሰው እንደ አዲስ ይከፍታታል።

ወደ ላይብረሪው ስንመለስ

እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። ሜይን አንድ። 1.4ን ከታጉ ላይ ቆርጬ ስቴብል ብራንች አደርገዋለሁ፣ 2.0ንም እንዲሁ። 1.4 እና 2.0 በጣም ስለሚለያዩ ጥገናው መጀመሪያ ሜይን ላይ፣ ከዚያ በቼሪ ፒክ ወደ ሁለቱ። መከታተያው ኮዱ ያለበት የጊትሀብ ወይም የጊትላብ ኢሹ፣ ሁለት የቨርዥን ሌብሎች። ጊት ፍሎው የለም፣ ጂራ የለም።

ከጥገናው ጋር አብሮ የሚሄድ ቴስትም (ኮዱን የሚፈትን ኮድ) እጽፋለሁ። ጳጉሜ 6 ለ2007፣ ለ2011፣ ለ2015 እና ለ2019 ይቀበል፣ ለ2016 እምቢ ይበል። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 መሆኑንም ያረጋግጥ። ቴስቱ ከጥገናው ጋር ወደ ሦስቱም ብራንች ይወሰዳል። ሌብል ማንሳት ብንረሳ እንኳ ቴስቱ ያለበት ብራንች የተጠገነ ብራንች ነው።

እና ለ1.4 የመጨረሻ ቀን እጽፍለታለሁ፣ መግቢያው ገጽ ላይ፣ በግልጽ። ፓይተን ለአንድ ቨርዥን አምስት ዓመት ይሰጣል፣ ጃንጎ ለረጅም ጊዜ ለሚደግፋቸው ሦስት ዓመት። ሦስት ሰው ያለበት ፕሮጀክት አንድ ዓመት ቢል ማንም አይቀየምም። ቀኑ ሲደርስ የ1.4 ሌብል ይጠፋል፣ የቀሩት የ1.4 ባጎች ላይ «አይጠገንም፣ ወደ 2 ተሻገሩ» ተብሎ ይጻፋል።

ያ እስኪሆን 1.4.1 እና 2.0.1 ይውጡ። ከዚያ ጠዋት ላይ ለጻፈው ሰው የትኛውን ማውረድ እንዳለበት ይነገረው።